ኢሱዙውን ማን አቆመው?

ሙለታ የተገኘው ደረቱን መሪው ላይ ጥሎ ነው። ጥይቷ ከኋላ በማጅራቱ ገብታ በጉንጩ ወጥታለች፤ ስትወጣም የበሩን መስታወት ይዛ ነው የወጣችው። ጥርሶቹና የመስታወቱ ስብርባሪ ኮረኮንቹ ላይ ተቀላቅለው ስለነበር፣ ሁለት የጊንጪ ፖሊሶች አጎንብሰው የቱ ጥርስ የቱ መስታወት እንደሆነ እየተጨቃጨቁ ይለቅማሉ። የኢሱዙው ሞተር ጠፍቷል። ቴፑ ግን አልጠፋም፤ አንዱ ዘፋኝ ስለ አንዲት ልጅ ወገብ በኦሮምኛ ያዜማል። ሊያጠፋው የደፈረ አልነበረም፤ ማጥፊያው ላይ የሰው ሥጋ ተለጥፎበታል።

ኢንስፔክተር ሃዋኒ ከአምቦ ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። ገዳዩ ተይዟል፣ አምኗል፣ እንዲያውም ለሚሰማው ሁሉ ደጋግሞ እያመነ ነው።

ዋቆ የቀበሌ ሚሊሻ ነው። ከጭልሞ ጫካ ወደ ጊንጪ በሚወርደው መንገድ ላይ በአንድ ገመድና በሁለት ሰው የምትጠበቅ ኬላ አለች። በዚያ ማለዳ ሙለታ የተከለከለ የጥድ ሳንቃ ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ቆልሎ መጣ፤ ገመዱን በጥሶ አለፈ፤ ዋቆም በክላሹ ተኮሰ። ኢሱዙው መታጠፊያውን ዞሮ ከዓይን ተሰወረ። ዋቆና ባልደረባው ጉደታ ሮጠው መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ መኪናው ቁልቁለቱ መሐል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሙለታም ከዚህ ዓለም ተሰናብቷል።

«አንድ ጥይት» አለ ዋቆ፣ እጁ በካቴና ታስሮ ደረቱን እንደነፋ። «አንድ። የቆመው ደግሞ ኢሱዙ ነው፣ አዴ ሃዋኒ፤ ባጃጅ አይደለም።»

ለምን አንድ ብቻ እንደተኮሰ ስትጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጉደታ ነው በኋላ ለብቻው የነገራት፤ ሁለተኛዋ ጥይት ክላሹ ውስጥ ተነክሳ ቀርታ ዋቆ መቀባበያውን በጫማው ሲረግጥ ነበር። ጉደታ ሌላም ነገር ነገራት፦ ከዋቆ ተኩስ ቀጥሎ፣ ከመታጠፊያው ማዶ፣ ሌላ ድምፅ ሰምቷል። ለጣቢያው አዛዥ ሲናገር የጭልሞ ገደል ማሚቶ ነው ተብሎ ስለተሳቀበት ደግሞ አላነሣውም።

አስከሬኑን ሐኪም አላየውም። የሙለታ ዘመዶች ከእንጭኒ በጭነት መኪና ተጭነው መጡና፣ የጊንጪ ፖሊስ ቅጽ እየፈለገ ሳለ ሬሳቸውን ይዘው ሄዱ፤ አጥበው ገንዘው በዚያው ዕለት ቀበሩት። ከቀብሩ ሲመለሱ እጃቸው ላይ ያለውን አፈር እንኳ አላራገፉም። የዋቆን ቤት ክዳኑ ላይ ላምባ አርከፍክፈው አቃጠሉት። ለታ የሚባለው የዋቆ ታናሽ ወንድም በሽምግልና ላናግራቸው ብሎ እጁን ዘርግቶ ወጣ፤ የተዘረጋችውን እጅ በመጥረቢያ አሏት። አንጓው ላይ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥላ ሐኪም ቤት ደረሰችና የቀረውን ሐኪሞቹ ጨረሱት። የዋቆ ሚስት እንቁ ልጆቿን ይዛ ጭልሞ ገባች። የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው አለ፤ የሚናገር ግን የለም።

የሟቹ አባት ኦቦ ለሜሳ ምንሽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሰዎቻቸው ዛፍ ሥር ተኮልኩለው መጥረቢያ ይስላሉ። ሃዋኒ ገዳዩ መታሰሩን ልታስረዳቸው ሞከረች።

«የታሰረ ሰው አይሞትም፣ ልጄ» አሏት በለሰለሰ ድምፅ። «እህል ይበላል፣ ጠያቂ ይመጣለታል። ሽማግሌ ስለያዘኝ እስከ ገበያው ቀን እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅም። ወንዶች ልጆች አሉት አይደል?»

አሉት። ትልቁ ገና ጥርሱን አልነቀለም።

ሃዋኒ የጣቢያውን ግቢ ዞረች። ኢሱዙው ተጎትቶ መጥቶ ጥግ ላይ ቆሟል። የጋቢናው የኋላ መስታወት ድሮ ተሰብሮ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኗል፤ ጆንያው ደግሞ ከመበሳቱ የተነሣ የጥይት ቀዳዳ ቢኖርበት እንኳ ራሱን አያስተዋውቅም። ረዳቷ ሳጅን ኢዮሲያስ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ አምቦ ከመጣ ወዲህ ኦሮምኛውን ቢያሻሽልም ችኮላውን አላሻሻለም። ሰውየው ስላመነ መዝገቡን አስረው እንዲመለሱ ፈለገ።

«መኪናውን ምን አቆመው?» አለችው።

«ጥይት ነዋ፣ ኢንስፔክተር።»

«ጥይቷ ያገኘችው የሙለታን ራስ ነው። ሞተሩ ደህና ነው፣ ጎማው ደህና ነው።»

«ሹፌሩ ከሞተ መኪናውም ይቆማላ።»

«በቁልቁለት?»

ኢዮሲያስ መዝገቡን መልሶ ከፈተው።

የሙለታ ረዳት ጂራ ይባላል፤ የአጎቱም ልጅ ነው። ለረዳትነት ዕድሜው የገፋ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ ጥያቄ ሲጠየቅ መጀመሪያ እጁን የሚያይ ሰው። ገመዱ ሲበጠስና ተኩስ ሲሰማ በሩን ከፍቶ መኪናው እየሄደ መዝለሉን፣ ቦይ ውስጥ መንከባለሉን፣ ጫካ ገብቶ መደበቁን ተናገረ። ሱሪውን ሰብስቦ የተላጠ ጉልበቱን አሳያት። መኪናው ሲቆም አላየም። ስለ ሙለታ ጠባይ ስትጠይቀው፣ ጎበዝ ሹፌር ነበር አለና ሱሪውን ወደ ታች መለሰ።

ሃዋኒ የጉደታን ሁለተኛ ድምፅ ይዛ ጫካው ውስጥ ሌላ ተኳሽ ፈለገች። ብዙ አልደከመችም። የኢሱዙውን ባለቤት አቶ አመለሸጋን ባለፈው ወር አምቦ ጋራዥ ውስጥ ሙለታ በጥፊ መትቶት ነበር፤ ያን ጊዜ አቶ አመለሸጋ በሕዝብ ፊት፣ ስምህን በጥይት ባልጠራው ብሎ ዝቷል። ፈቃድ ያለው ምንሽር አለው፤ አፈሙዙን ስታሸተው በቅርቡ የተተኮሰበት ነው። ሰውየው ላብ ባጠመቀው እጁ ግንባሩን እየጠረገ፣ የተኮሰው ለሠርግ መሆኑን ማለ። በዚያ ማለዳስ የት ነበር? አምቦ ስብሰባ ላይ። ማን አየህ ስትለው ስልኩን አወጣ። ስብሰባውን የጠራው መሥሪያ ቤት ፌስቡክ ላይ «ተሰብሳቢዎች በንቃት ሲሳተፉ» ከሚል ጽሑፍ በላይ፣ አቶ አመለሸጋ ፊተኛው ረድፍ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ሃዋኒም አታውቅም። ምንሽሩን ግን ለሥራ እፈልገዋለሁ ብላ ይዛበት ሄደች።

ሥራው ይህ ነበር። ከጣቢያው ጀርባ፣ ፖሊሶች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ጫፍ ላይ፣ ድሮ የተያዘና ባለቤት ያጣ ኢሱዙ ሣር በቅሎበት ቆሟል። አዛዡ ለመንግሥት ጥይት መፈረም አለመፈለጉን በብዙ ቃል አስረዳት፤ ከውጭ የመጥረቢያው መሳያ ድምፅ ሲሰማ ፈረመ። መካኒክ ባትሪ ገጠመለት፣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሣ። ሹፌር ተብሎ ጭድ የተሞላ ጆንያ መሪው ላይ ታሰረ፤ ለራሱ ዱባ ተደረገለት። ኢዮሲያስ ማርሽ አስገብቶ ዘሎ ይወርዳል፤ ሌሎቹ በየተራ ይተኩሳሉ።

የጊንጪ ሰው ይህን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ መጣ። መኪና በምን እንደሚቆም የማያውቅ አልነበረም፤ አንዱ ጎማ ነው ይላል፣ አንዱ ራዲያተር፣ አንዱ የናፍጣው ቋት ላይ አንዲት ብቻ ብሎ ይምላል። ዋቆ ከእስር ክፍሉ መስኮት እኔ ልተኩስ ብሎ ጠየቀ፤ ሲከለከልም ምክሩን አልነፈጋቸውም።

በሽጉጥ ተጀመረ። የበሩ ቆርቆሮ ተበሳ፣ የፊት መብራቱ ረገፈ፤ ኢሱዙው አልሰማም። ቀጥሎ ክላሽ መጣ። ጎማዎቹ እየፈነዱ ተኙ፣ ራዲያተሩ እንደታረደ በሬ ውኃውን ዘረገፈ፣ ከሞተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት ተነሣ፤ ኢሱዙው እያነከሰ መንገዱን ቀጠለ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ፖሊስ በርከክ ብለው በአቶ አመለሸጋ ምንሽር አነጣጠሩ። ዱባው ተበተነ። ፍሬው ጋቢናውን ሞላው፤ ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ቀስ እያለ ሞተ። ራስ የሌለው ጆንያ መሪውን እንዳቀፈ ኢሱዙውን እየነዳ ነበር። የኳሱን ግብ ገንድሶ አለፈ። የፖሊሶቹን ሽንት ቤት ግድግዳ ይዞ ሄደ፤ ውስጥ የነበረው ባልደረባ ቀበቶውን በእጁ ይዞ፣ በአቧራው መሐል፣ ማንንም ሳይሰድብ ወጣ። ከዚያ መኪናው ቦዩ ውስጥ አፍንጫውን ቀበረ። እዚያም ሆኖ የኋላ ጎማው መሬት ይቆፍር ነበር። ሞተሩን ያጠፋው ጥይት አይደለም፤ ኢዮሲያስ ወጥቶ ነው፣ በእጁ።

ዋቆ ከመስኮቱ ዞር አለ።

«ይኼ ሜዳ ላይ ነው» አለች ሃዋኒ። «ያኛው ቁልቁለት ላይ ነበር። ሙለታ ከሞተ በኋላ ፍሬን የረገጠ ሰው አለ።»

ኢዮሲያስ የዱባ ፍሬ ከትከሻው ላይ አራገፈ። ጂራ ከዚያ በፊት ዘልዬ ወርጃለሁ ማለቱን አስታወሳት።

«ብሏል» አለች።

የተባለውን ማፍረስ ግን ሌላ ነገር ነው። ጂራን በምን ትያዘው? ዘመዶቹ በር ላይ ናቸው፤ አዝኗል፣ ራሱን ተላጭቷል፣ ለኦቦ ለሜሳ ውኃ የሚያቀርበው እርሱ ነው። ገበያው ደግሞ ነገ ነው።

ቦዩ ውስጥ የገባውን ኢሱዙ ሊያወጣ ከአምቦ የመኪና ጎታቹ ሃቦኔ መጣ። ፊቱ ከጉንጩ እስከ ቅንድቡ ተሰፍቷል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ሃዋኒ ከማን ጋር ተጣልቶ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ከናንተው ጋር ነዋ» አለ ሰንሰለቱን እየዘረጋ። «የሟቹን ኢሱዙ ቁልቁል ስጎትት አልንቀሳቀስም አለኝ። ነዳጅ ጨመርኩ። ሰንሰለቱ ተበጥሶ መጣና ፊቴን እንደ ዳቦ ቆረሰው። ደሜን ጠርጌ ወርጄ ባይ፣ በቀኝ በኩል ከኋላ ጎማው ፊት ታኮ ገብቷል። አንድ ሰው እንኳ፣ ሃቦኔ ድንጋይ አለ አላለኝም።»

«ምን ዓይነት ድንጋይ?»

«ጥሩ ድንጋይ። ከጎማው ጋር ተስማምቶ፣ በእግር ተመትቶ የገባ። ረዳት ያስገባው ነው። ፖሊስ ቢሆን ከጎማው ኋላ ነበር የሚያስገባው።»

በዚያ አገር መንገድ ላይ ድንጋይ የሚያይ ሰው የለም። የአሮጌ ኢሱዙ የእጅ ፍሬን ለስሙ ነው፤ መኪናው ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ በቆመ ቁጥር ረዳት ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፣ ሲነሡም ድንጋዩን እዚያው ትተውት ይሄዳሉ። ከአምቦ እስከ እንጭኒ መንገዱ በተረሱ ታኮዎች የተሞላ ነው። ሃዋኒ ዋቆን ጠየቀች፣ ጉደታን ጠየቀች፣ ጥርስ ሲለቅሙ የነበሩትን ሁለቱን ፖሊሶች ጠየቀች። ድንጋይ ያስገባ የለም። የሞተ ሹፌር ደግሞ ወርዶ አያስገባም።

ሳንቃውን አስወረደች። እስካሁን ያልነኩት የደን ጽሕፈት ቤት ንብረት ነው ተብሎ ነበር፤ አሁን ማንንም አላስፈቀደችም። ከጭነቱ ጭራ፣ ከጫፉ ክንድ በማይሞላ ጥልቀት፣ የክላሽ ጥይት ጥዱ ውስጥ ተቀርቅራ ተገኘች። ከእርሷ እስከ ሙለታ ማጅራት ድረስ ያለው ሳንቃ ሁሉ ንጹሕ ነው። ጥይቷን በመዳፏ ይዛ ዋቆ ጋ ሄደች። ነጻ ሊወጣ መሆኑን፣ ቤተሰቡም ሊተርፍ እንደሚችል ነገረችው።

ዋቆ ጥይቷን አገላብጦ አያት። ከዚያ መለሰላት።

«የኔ አይደለችም» አለ።

ጂራን ያስጠራችው በገበያው ቀን ጠዋት ነው። ኦቦ ለሜሳ ከተቀመጡበት ሆነው ሲገባ አዩት። ሃዋኒ በሩን ዘጋች። ስለ ዱባው፣ ስለ ሳንቃው፣ ስለ ማሚቶው ምንም አላነሣችም።

«ድንጋዩን ለምን አስገባህ?» አለችው።

ሊክድ ይችል ነበር። ኢዮሲያስ ሲክድ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ይዟል። ጂራ እንደ ልማዱ እጁን አየ።

«ከታች ድልድዩ ጋ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ» አለ። «በጠዋት ነው የሚወርዱት። የእጅ ፍሬኑ አይዝም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳትጠይቀው ተናገረ። ከእርሱ በፊት የሙለታ ረዳት የጂራ ታናሽ ወንድም ሚልኬሳ ነበር። አንድ ዳገት ላይ ታኮ ለማስገባት አጎንብሶ ሳለ፣ ሙለታ ጠጥቶ ስለነበር ፍሬኑን ለቀቀው። ጎማው ደረቱ ላይ ወጣ፤ ሙለታ ደንግጦ ወደፊት ሲያስኬደው እንደገና ወጣበት። ጂራ ወንድሙን ሲያነሣው ጀርባው በእጁ ውስጥ እንደ ጆንያ ታጠፈ። ኦቦ ለሜሳ ቤተሰቡን ሰበሰቡ። በአንድ ቤት ውስጥ ደም አይፈለግም፣ የደም ካሣ፣ ጉማም የለም፤ ገዳይም ሟችም የእኛ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ስሙ አይነሣ ብለው ፈረዱ። ጂራንም ካሣ ይሁነው ብለው በወንድሙ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከሙለታ ጎን። ሙለታ ታኮው ሲዘገይበት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ወንድምህ ይፈጥን ነበር ይለዋል። በቀልድ ነው የሚለው፤ አንዳንዴ ከቀልዱ በኋላ በጎማ መፍቻ ብረት ትከሻውን ያቀምሰዋል።

በዚያ ማለዳ ገመዱ ተበጠሰ፣ ዋቆ ተኮሰ። ሙለታ ሚሊሻው ከክላሹ ጋር ሲታገል በግራ ስፖኪዮው አይቶ፣ መታጠፊያውን ከዞሩም በኋላ አንገቱን ወደዚያው አስግጎ ይስቅ ነበር።

«ማጅራቱን አየሁት» አለ ጂራ። «የራሱ ሽጉጥ ሁልጊዜ ከወንበሩ ሥር ነው። ተኩሱ ባለቤት አለው ብዬ አሰብኩ፤ አንዲት ብትጨመር ማን ይቆጥራል? ከተኮስኩ በኋላ በእግሩ ላይ አልፌ ፍሬን ረገጥኩ። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።»

ወርዶ ታኮውን አስገባ፣ ጫካ ገብቶ ታጠበ፣ ሽጉጡን የጥድ ጉቶ ሥር ቀበረ። ኢዮሲያስ ሄዶ አገኘው።

«ዋቆስ?» አለችው ሃዋኒ። «ልጆቹስ?»

«ይህን አላሰብኩም ነበር። ትዝ ሲለኝ ደግሞ ለአባቱ ውኃ እያቀረብኩ ነበር» አለ ጂራ።

ሃዋኒ ወጣች። መጥረቢያዎቹ ተስለው አልቀዋል፤ ሰዎቹ ቆመዋል። ኦቦ ለሜሳን ብቻቸውን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደቻቸውና ዋቆ እንዳልገደለ ነገረቻቸው። ሌላ ሰው ነው አለች።

«የማን ወገን?»

«የእርስዎ ቤት ነው፣ ኦቦ ለሜሳ።»

ሽማግሌው ወደ ጣቢያው በር አዩ። ጂራ ከገባ በኋላ አልወጣም።

«የሚልኬሳ ወንድም» አሉ። ስሙን ያነሡት እርሳቸው ናቸው፤ እርሷ አላነሣችም።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ ምን አለች እያለ ይጮኻል። ኦቦ ለሜሳ የምንሽሩን ጥይቶች አንድ በአንድ አወጡ፤ ጥቂቶቹ ጭቃ ውስጥ ወደቁ፣ አላነሷቸውም። ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው ወደ ቤት ግቡ አሉ። ዱላቸውን አነሡና ለምን ያለውን የመጀመሪያ ጠያቂ አፉ ላይ መቱት። ሰውየው ደሙን እየተፋ መኪናው ላይ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

«የዋቆ ሚስት የት እንዳለች ንገሪኝ» አሏት በኋላ።

ሃዋኒ ምንሽራቸውን አየች።

«ሳር ይዤ ነው የምሄደው» አሉ።

በዚያ አገር ደም ያፈሰሰ ወይም ቤት ያቃጠለ ሰው እርጥብ ሳር ይዞ በተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ተበዳዩ ይቅር እስኪለው ድረስም አይቀመጥም፣ አይሄድም። ሃዋኒ ምንሽሩን ተቀብላቸው ፒክአፑ ላይ ጫነቻቸው፤ እንቁ ያለችበትን የሚያውቀው ጉደታ መንገድ መራ። ኢዮሲያስ ነዳ።

ጭልሞ ጫፍ ሲደርሱ ጉደታ ወደ ዛፎቹ ተጣራ። እንቁ ከጥዶቹ መሐል መጥረቢያ ይዛ ወጣች። ነጠላዋ ላይ የቤቷ ጥቀርሻ አለ፤ ልጆቿ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዘዋል። ሃዋኒ ባሏ ሙለታን እንዳልገደለ ነገረቻት።

«ዋቆ?» አለች እንቁ። «ከተጋባን ወዲህ የመታው ነገር የለም። ጠይቃችሁኝ ቢሆን በዚያኑ ቀን እነግራችሁ ነበር።»

ከዚያ ሽማግሌውን አየቻቸው። ኦቦ ለሜሳ ከመንገዱ ዳር ሳር ነጭተው በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። በድለናል አሉ። ቤቱን መልሰን እንሠራለን፣ ከበፊቱ አስፍተን፣ እኔው ራሴ ጭቃ አቡክቼ አሉ። ዝናብ ማካፋት ጀምሯል፤ ከሳሩ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።

እንቁ ግንድ ላይ ተቀመጠች፤ መጥረቢያውን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ትንሹን ልጇን አቅርባ ከእግሩ እሾህ ማውጣት ጀመረች። አንዱን አወጣች፤ ሌላ ፈለገች። ኢዮሲያስ ከመሪው ላይ ሆኖ፣ ስንት ሰዓት እንቆማለን በሚል ዓይን ሃዋኒን አያት። ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጇ አሳየችው።

«ቤቱስ ይሠራል፣ ኦቦ ለሜሳ» አለች እንቁ፣ ዓይኗን ከልጇ እግር ሳታነሣ። «የለታን እጅ ይዘው መጥተዋል?»

ሽማግሌው ሳሩን እንደያዙ ቆሙ።